ብረቱና ወረቀቱ አንድ ይሁኑ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው መነጋገሪያችን ስለ ውኃ መውረጃ ቦይም ስለ ጥበቃ መዋጮም አይደለም። በየግቢያችን ቆመው ስላሉት አሮጌ መኪናዎችና ስለ ወረቀታቸው ነው። «ይኸ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው እንላለን። ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከሚመጣው አቤቱታ ውስጥ የመኪና ወረቀት ነገር እየበዛ ሄዷል። መኪና የሰው ጥሪት ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ከሟች አባት የቀረ ብቸኛ ንብረት ነው። ወረቀቱ ሲበላሽ ንብረቱም ይበላሻል፤ የጎረቤት ፍቅርም አብሮ ይበላሻል።

እንደሚታወቀው ሁሉ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ በሚያስገባው ሰው ላይ ክፍያውን ከፍ አድርጎበታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆኗል። ትናንት ዶሮ ያድርበት የነበረውን ቮልስ ዛሬ ደላላ በር እያንኳኳ ዋጋ ይጠይቅበታል። ወጣቶቻችንም ያረጀ ቀፎ ይገዙና ከሶማሌ ተራ ሞተር አምጥተው፣ ላሜራውን ቀጥቅጠው፣ ቀለሙን አሳምረው ልዩ መኪና መሥራት ይዘዋል። ሙያቸውን እናደንቃለን፤ ሰፈራችንም ይኮራበታል። ነገር ግን ብረቱ አምሮ ወረቀቱ ካላማረ፣ ያ ሁሉ ልፋት በር ላይ የቆመ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ሊብሬ የምንለው የባለቤትነት ደብተር ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው፤ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። በውስጡ የባለቤቱ ስም፣ የታርጋ ቁጥር፣ የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዘመን፣ ቀለሙ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የሞተሩ ጉልበትና የመሳሰለው ተጽፏል። ከሊብሬው ሌላ ደግሞ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት የመኪናው ፋይል አለ። ዛሬ በከተማችን ይህን ሥራ የያዘው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው፤ እኛ በልማዳችን «መንገድ ትራንስፖርት» እያልን ብንጠራውም። ስለዚህ መኪናው በሦስት ቦታ ነው የሚገኘው፦ በግቢያችን ብረቱ፣ በእጃችን ሊብሬው፣ በመሥሪያ ቤቱ ፋይሉ። ሦስቱም አንድ ነገር መናገር አለባቸው። አንዱ ሌላ ከተናገረ ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681፣ ተሽከርካሪ ሳይመዘገብ፣ ታርጋ ሳይኖረውና ሳይመረመር መንገድ ላይ እንዳይነዳ ያዛል። አሮጌ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። እንዲያውም አሮጌ በሆነ ቁጥር የሚያጠያይቀው ነገር ይበዛል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጥሩ። ሞተር ይለወጣል፣ ቀለም ይለወጣል፣ በር ይለወጣል። መኪናው ያው መኪና የሚባለው በሻንሲ ቁጥሩ ነው። በሰፈራችን ብዙ ቮልስ ስላለ በእሱ እናስረዳ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው በኋላው መቀመጫ ሥር፣ በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ ነው። ከፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ከስኮርታው ጎማ ጀርባ ደግሞ ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። የሞተሩ ቁጥር ከኋላ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው።

ልብ በሉ፤ የቮልስ ቀፎና ወለል በብሎን የተያያዙ ናቸው። የአንዱ ቀፎ በሌላው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ጋራዥ ውስጥም ሲሠራ የኖረ ነው። ታዲያ የፊቱ ሰሌዳና የወለሉ ቁጥር ሳይገናኙ ሲቀሩ መርማሪው «ይኸ የማን መኪና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አያስፈርድበትም። ሌላም አለ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያው የኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። በያጁ የበሰበሰውን ላሜራ ሲቆርጥ መካከለኛውን ጉብታ እንዳይነካ አደራ በሉት። ዝገት ከሸፈነው በነጭ ጋዝና በጨርቅ፣ ቢብስ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ እንጂ በመሞረጃ ማሽን አይነካ። የተሞረደ ቁጥር የተሰረቀ መኪና ቁጥር ይመስላል። ንጹሕ ሰው በገዛ እጁ ራሱን ተጠርጣሪ ያደርጋል።

ዘመኑን ማንበብም ቀላል ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1965 ሞዴል ወዲህ በሻንሲ ቁጥሩ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ታሳያለች። ብዙዎቹ በ11 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ 118 ብሎ የጀመረ የ1968 ሞዴል ነው ማለት ነው። የሞተሩ ቁጥር መነሻ ፊደልም ትናገራለች፦ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500 ሞተር ነው። ሊብሬያችሁ 1200 እያለ ሞተራችሁ በኤች የሚጀምር ከሆነ፣ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ሞተር ለውጦ ሳያስመዘግብ ሄዷል ማለት ነው።

ዘመን ሲነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ፋብሪካው የሚጽፈው በፈረንጅ ዓመት ነው፤ የኛ ውልና ደረሰኝ ደግሞ በኢትዮጵያ ዓመት ነው። 1968 ሞዴል መኪና በ1961 ዓ.ም. ተገዛ የሚል ውል ስታዩ «ሳይሠራ ተሸጠ እንዴ?» ብላችሁ አትደንግጡ። ነገር ግን በማመልከቻችሁ ላይ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ። የቁጥርና የፊደል መመሳሰልም ችግር ያመጣል። የእንግሊዝኛው ኦ እና ዜሮ፣ ቢ እና ስምንት፣ አንድና ሰባት በድሮ የእጅ ጽሕፈት ሲገለበጡ ይምታታሉ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት መኪናዎች በአብዛኛው ባለ 17 አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ የቀደሙት ግን አጭር ናቸው። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ያለው የቮልሱ ዘጠኝ ወይም አሥር ነው። አጭር መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ያኔ የሚሠራው እንዲያ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ውክልና። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስለዚህ በሰፈራችን የደረሰ አንድ ነገር እንናገራለን። የባለጉዳይዋን ስም አንጠራም፤ «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብለው ፈቅደውልናል። ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ከሥራ ጓደኛቸው አንድ ቮልስ ገዙ። ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ከፈሉ። ስም የማዛወሩን ወጪና ምልልስ ሸሽተው ግን «ውክልና ስጠኝና ሌላው ይደርሳል» ተባባሉ። መተማመን ነበራ! መኪናው አገለገለ፤ ልጆች ትምህርት ቤት አደረሰ፤ ሰርግ ሸኘ፤ ለቅሶ አደረሰ። ሻጩ በ2010 ዓ.ም. ዐረፉ። ገዢውም በ2015 ዓ.ም. ተከተሉ። ወይዘሮዋ ለዓይናቸው ሕክምና መኪናውን ሊሸጡ ሲሉ፣ ሊብሬው በሟቹ ሻጭ ስም ነው፤ የውክልናው ወረቀትም ዋጋ የለውም ተባሉ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ውክልና የሚያበቃው ወካዩ ሲሞት ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ በሱ ውክልና መሸጥ አይቻልም። በዝምታ የሚሠራበት ሰው ቢገኝ እንኳ ነገ የሚፈርስ ነገር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ወይዘሮዋ በሁለት በኩል ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሆነባቸው። በራሳቸው በኩል የባላቸው ወራሽ መሆናቸውን፣ በሻጩ በኩል ደግሞ የሻጩ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው እንዲፈርሙላቸው። የሻጩ ልጆች ስድስት ናቸው። አምስቱ አባታቸው መሸጡን ያውቁ ነበርና አላንገራገሩም። ስድስተኛው ያለው ዋሽንግተን ነው። «አባቴ መኪና ሲሸጥ አላየሁም፤ ዋጋውም ዛሬ ሌላ ነው» አለ።

በዚህ ጊዜ ነው ጉዳዩ ወደ ማኅበራችን የመጣው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ያዳነን አንድ ብጣሽ ወረቀት ናት። በ1996 በእጅ የተጻፈች የሽያጭ ውል በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ተገኘች፤ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ በሕይወት ነበሩ። በስልክ ለልጁ መሰከሩለት፤ የአባቱንም ፊርማ አየ። እሱም ልበ ቀና ነውና እዚያው በኤምባሲ በኩል ለእኅቱ ውክልና ላከ፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ገባ። ጉዳዩ አለቀ። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጀ። የመጀመሪያው ገዢ ሌላ መኪና ገዝቶ ሄደ። የወይዘሮዋ አንዱ ዓይን ግን ሁለት ዓመት መጠበቅ አልቻለም። እንግዲህ የወረቀት ነገር ይህን ያህል ነው። ያ ምስክር አንድ ዓመት ቀድመው አርፈው ቢሆን ኖሮስ? አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህን አይተው ነው።

ስለሆነም በውክልና የያዛችሁት መኪና ካለ፣ ሻጩ በሕይወት ሳለ ዛሬውኑ ፈልጉት። ሁለታችሁም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርባችሁ የሽያጭ ውሉን ፈርሙ፤ ከዚያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ስሙን አዛውሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ ንብረት አንዱ ብቻውን እንዳይሸጥ ይከለክላል። ትዳር የሌለው ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ ይምጣ። ፋይዳ ያላወጣችሁ አውጡ፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል።

ሻጮችም «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የሱ ጉዳይ» አትበሉ። መኪናው በስማችሁ እስካለ ድረስ አደጋ ቢያደርስ፣ ቅጣት ቢከማችበት፣ ወንጀል ቢሠራበት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው።

ሦስተኛ፣ መኪና ለሚሠሩ ወጣቶች። ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩት ሆት ሮድ የሚባል የአሜሪካ መኪና አለ። እንደ 1932ቱ ፎርድ ያለ አሮጌ ቀፎ ይወስዱና ጉልበተኛ ሞተር ይገጥሙበታል፤ አንዳንዴ ሻንሲውም አዲስ ነው። ታዲያ እዚያም «ይህ መኪና የየትኛው ዓመት ነው? የማንስ ነው?» የሚለው ጥያቄ አለ። አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በብዙ ቦታ ሠሪው የዋና ዋና ዕቃዎቹን ደረሰኝ ያቀርባል፤ መኪናው በመርማሪ ይታያል፤ ቁጥር ከሌለው ግዛቱ ራሱ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በአንዳንድ ግዛት ደግሞ ወረቀት የጎደለው ሰው እውነተኛ ባለቤት ቢመጣ ካሳ የሚከፈልበት የዋስትና ሰነድ ገዝቶ ለጥቂት ዓመታት ይጠበቃል። በካሊፎርኒያ በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹ 500 እንዲህ ያሉ መኪናዎች ብቻ የጭስ ምርመራቸው በቀፎው መልክ ወይም በሞተሩ ዘመን እንዲታይላቸው ይፈቀዳል። ቬርሞንት በምትባል ግዛት የሌላ ግዛት ሰው ሳይቀር አሮጌ መኪናውን ያለ ባለቤትነት ወረቀት በፖስታ ያስመዘግብ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ይህ በር ጠበበ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም። መኪና በሞላበት አገር እንኳ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ደረሰኝ ይጠየቃል። የዚያን አገር ሥርዓት አይታችሁ ግን እዚህም ቁጥር የሌለው ቀፎ ወስጄ አዲስ ቁጥር ይሰጠኛል ብላችሁ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። የኛ መንገድ የሚያዋጣው ከሊብሬው ሲጀመር ነው። መጀመሪያ ሊብሬውና ፋይሉ ያለ፣ ባለቤቱ የሚታወቅ መኪና ግዙ፤ ስሙንም በስማችሁ አዛውሩ። ከዚያ በኋላ ነው መዶሻ የሚነሣው። ሞተር፣ ቀለም ወይም የቀፎውን ቅርጽ ከመለወጣችሁ በፊት መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ፤ በኋላም አስመርምራችሁ በሊብሬው ላይ አስለውጡ። ሞተር ስትገዙ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ተቀበሉ፤ ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያን መኪና ባለቤት ማንነትና ወረቀት ጠይቁ። «ርካሽ ነው፣ ወረቀት ግን የለውም» የተባለ ሞተር ርካሽ አይደለም። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ እያወቀ የገዛውም በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ።

ሥራውን ስትጀምሩ አንድ ደብተር ያዙ። ከመጀመራችሁ በፊት፣ በመካከሉና ሲያልቅ ፎቶግራፍ አንሡ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በስስ ወረቀትና በእርሳስ ደባብሳችሁ አንሥታችሁ ለጥፉ። የበያጁን፣ የቀለም ቀቢውን፣ የሞተር ሻጩን ደረሰኝ እዚያው አስቀምጡ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

አራተኛ፣ ሊብሬ የጠፋበት። አትደብቁት። ለፖሊስ አመልክታችሁ ማስረጃ ያዙ፤ ከዚያ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ምትክ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ። ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል። ባለቤቱ የሞቱ እንደሆነ የወራሽነት ማስረጃ ይቅደም። ወራሾች የሆናችሁ ሁሉ ደግሞ «ወንድሜ ይጨርሰው» እያላችሁ ዓመት አትቁጠሩ፤ ከወራሾቹ አንዱ የሞተ እንደሆነ ቁጥራችሁ በልጆቹ ይበዛል፤ የሚያስፈልገው ፊርማም እንዲሁ።

አምስተኛ፣ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው። ሊብሬውን አይታችሁ ብቻ ብር አትቁጠሩ። ከሻጩ ጋር መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ ፋይሉን አስወጡ። በፍርድ ቤት ወይም በባንክ የታገደ እንደሆነ፣ ውዝፍ ክፍያ እንዳለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ ከዚያው ይታወቃል። መቀመጫውን አንሥታችሁ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ ስለሆነ፣ ቦሎውንና መድኑን ሳታሟሉ «እስከ ጋራዥ ብቻ» ብላችሁ መንገድ አታውጡት። አደጋ እስከ ጋራዥ ድረስ አይታገሥም።

አባላት ሆይ፣ በመጨረሻ ስለ ማኅበራችን አቋም እንናገር። አንዳንድ ሰው እየመጣ «መኪናው የእገሌ መሆኑን እናውቃለን ብላችሁ ማኅተም ምቱልን» ይለናል። አንመታም። ማኅበሩ ሰውየው በሰፈሩ መኖሩን ሊመሰክር ይችላል፤ የመኪና ባለቤትነት ግን የሚመሰክረው የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ነው። ይህን የምንለው ሰውን ለማጉላላት አይደለም። ዛሬ ለአንዱ በቅንነት የምንጽፈው ደብዳቤ ነገ የሌላውን ወላጅ አልባ ልጅ መኪና ሊያሸጥ ይችላል።

የምንችለውን ግን እናደርጋለን። የማኅበሩ ኮሚቴ እንደሚከተለው ወስኗል፦

በውክልና ወይም በሟች ስም ያለ መኪና ያለው አባል ጽሕፈት ቤት መጥቶ ይመዝገብ። ምስጢሩ ይጠበቃል።

የድሮ ሽያጭ ያዩ አዛውንት ምስክሮች ካሉ፣ ያዩትን በጽሑፍ አስፍረው እንዲፈርሙ እናግዛለን። ይህ ፍርድ ቤትን አይተካም፤ ግን መነሻ ይሆናል።

ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ከወጣቶቹ አንድ ሰው እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ አገልግሎት ክፍያ የለም፤ የሚጠይቅ ቢኖር ንገሩን።

መኪና የሚሠሩት ወጣቶቻችን ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ማንበብ የማይችለውን ጎረቤት እያዞሩ እንዲያሳዩ ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል። ተባረኩ ብለናቸዋል።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ሊብሬውን ከሣጥን አውጡ፣ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ወደ መኪናው ሂዱ፣ ቁጥሩን አስተያዩ። ከተገናኘ እሰየው፤ በደህና ቦታ አስቀምጡት፤ የት እንዳለም ለልጆቻችሁ ንገሩ። ካልተገናኘ ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤታችን ክፍት ነው። ሻጩም፣ ምስክሩም፣ እኛም በሕይወት ሳለን ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል።



የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት